ቆላና ደጋ በአንድ ሳጥን

የሐይቅ ሰዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ከውጫሌ ድረስ ተሳፍራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ላሳያችሁ።

ጠረጴዛው ላይ የምታዩት የማርማላታ ጠርሙስ ነው። ውስጡ አንድ የለስላሳ ቆርኪ ሙሉ የወጥ ጨው አለ፤ ጨው ላይ ጥቂት ጠብታ ውኃ ጠብ አድርጌበታለሁ። ከቆርኪው አጠገብ ያለችው ክብ ነገር የአየር እርጥበት መለኪያ ናት። ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ቆይተን እናነበዋለን። እስከዚያው ማንም እንዳይነካብኝ አደራ።

ነገሬ ከአንድ የስልክ ጥሪ ይነሣል። ባለፈው ታኅሣሥ የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ደወለልኝ። ተወልዶ ያደገው እዚያ ነው፤ ዕድሜው 14 ነው። ብዙ ጊዜ ስልኩን የሚይዘው እናቱ «አጎትህን ሰላም በል» ስትለው ነው። የዚያን ዕለት ግን ራሱ ደወለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «አጎቴ፣ ጣቷ ጠቆረ» አለኝ። የማን ጣት? ክው አልኩ። ጣቱ የእንሽላሊቱ ነበር።

አዎ፣ ልጁ በመስታወት ሳጥን ውስጥ እንሽላሊት ያሳድጋል። ቢጫ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨባት፣ ጅራቷ የወፈረ፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ፍጥረት ናት። ጌኮ ከሚባለው የእንሽላሊት ወገን ስትሆን፣ በነጠብጣቧ ምክንያት ነብር ጌኮ ይሏታል። የትውልድ አገሯ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ ደረቅ፣ ድንጋያማ ምድር። በእንክብካቤ ከተያዘች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። እህቴ ልጇ ለዚህች እንሽላሊት ሲል በጠዋት መነሣት እንደ ጀመረ ነግራኛለች። አንድ ልጅ ከራሱ ውጪ ላለ ነፍስ ሲጨነቅ እኔ በቀላሉ አላየውም።

«አብሽር» አልኩትና መጠየቅ ጀመርኩ። ሳጥኑ ምን ያህል ይሞቃል? አምፖሉ የት ነው የተንጠለጠለው? መሐል ላይ አለኝ። በአንዱ ጫፍና በሌላው ጫፍ የሙቀት ልዩነት አለ? የለም፤ እንዳይበርዳት ብሎ ሁሉንም ቦታ 32 ዲግሪ አድርጎታል። ይሄኔ ልቤ ወደዚህ ከተማ፣ ወደ እናቴ ጓዳ ተመለሰ።

ልጅ ሳለሁ እናቴ ከገበያ 20 የአንድ ሳምንት ጫጩቶች ገዝታ መጣች። እናት ዶሮ አልነበራቸውም። ሌሊቱ የኅዳር ሌሊት ነው፤ የኅዳርን ብርድ እናንተው ታውቁታላችሁ። አሙቃቸው ተባልኩ። እኔም የካርቶን ሳጥን አመጣሁ፣ አንድ ትልቅ አምፖል መሐል ላይ አንጠለጠልኩ፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ክዳኑን ዘጋሁ፣ በላዩ ላይ ጋቢ ደረብኩበት። ሥራዬን አሳምሬ የሠራሁ መስሎኝ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ሰባቱ አራቱ ማዕዘን ላይ ምንቃራቸውን ወደ ካርቶኑ ስንጥቅ ደቅነው ሞተዋል። የቀሩት አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ዘርግተው ያለከልካሉ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ተንበርክካ አንድ በአንድ እያወጣች መደብ ላይ አኖረቻቸውና «ሙቀት ሰጠሃቸው፤ መሸሻ ግን አልሰጠሃቸውም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ እንስሳትና ስለ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ቃል አልሰማሁም። ዛሬ የምነግራችሁም ይህንኑ ነው። ለእንስሳ የምንሰጠው አንድ ልክ ሙቀት የለም። የምንሰጠው ከሙቅ እስከ ቀዝቃዛ የተዘረጋ ቦታ ነው፤ መርጦ የሚቆምበትን የሚያውቀው እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ ከደጃችን እንጀምር። ፀሐይ ወጣ ስትል የእርሻ ካብ ላይ ገበሎ ተለጥፎ አይታችኋል። መጀመሪያ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ሆዱን ከድንጋዩ ጋር አጣብቆ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ልጅ ቢደርስበት ሩጫው ዝግ ያለ ነው፤ ገና አልሞቀማ። ረፋድ ላይ ግን እንደ ቀስት ይወረወራል። እኩለ ቀን ሲሆን ታጡታላችሁ፤ ከድንጋዩ ሥር ገብቷል። ማታ ላይ ደግሞ ብቅ ይላል። ገበሎ፣ እባብ፣ ኤሊ፣ አዞ፣ ጌኮ፣ እነዚህ ሁሉ እንደኛ ከበሉት እህል የራሳቸውን ሙቀት አያመነጩም። የእኛ ሰውነት ባቲ ብንወርድ ደሴ ብንወጣ 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የእነሱ ግን ያሉበትን ቦታ ይመስላል። ስለዚህ ሙቀታቸውን የሚቆጣጠሩት በእግራቸው ነው፤ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ እየተመላለሱ። ሆዳቸው ካልሞቀ የበሉት አይፈጭላቸውም፤ ምግቡ ሆዳቸው ውስጥ ይበላሻል። ሲታመሙም ብዙዎቹ ከወትሮው ሞቅ ያለ ቦታ ፈልገው ይቆያሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ግን መሄጃ ካላቸው ነው። በመስታወት ሳጥን የተዘጋባት ጌኮ መሄጃዋ ያው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ወሎ ውስጥ ለተወለደ ሰው ይህ ነገር ሊገባው አይቸግርም። እኛ ያለነው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ባቲ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ከዚያም ወርዶ ወርዶ ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ይደረሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ሙቀት ይጨምራል ይባላል፤ ስለዚህ ከሐይቅ እስከ ሚሌ የ10 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሰውም ከብትም እንደ ወቅቱ ሲወጣና ሲወርድ የኖረው ለዚህ ነው። ለልጁም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ «ሳጥንህ ሁሉ ሚሌ ሆኗል። ግማሹን ሐይቅ አድርገው።» ሐይቅን በፎቶ ያውቃታል፤ ሳቀ፤ ገባው።

የነብር ጌኮዋ ቆላ፣ ማለትም የምትሞቅበት ድንጋይ ገጽ፣ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ቢሆን ይስማማታል። የደጋው ጫፍ ከ24 እስከ 26 ነው። ሌሊት ማሞቂያው ጠፍቶ 20 ዲግሪ ድረስ ቢወርድ አይጎዳትም፤ አገሯም ሌሊት ይቀዘቅዛል። ማሞቂያው አንዱ ጫፍ ላይ ይሁን፣ መሐል ላይ በፍጹም አይሁን። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ ይኑር። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ መደበቂያ ከሌለ፣ ፈሪ ፍጥረት ስለሆነች እየተቃጠለችም ቢሆን ሙቁ ጉድጓድ ውስጥ ትቀራለች። መሸሻ አለ የሚባለው ሳትፈራ የምትሸሽበት ሲሆን ነው። መደበቂያው ውድ ዕቃ መሆን የለበትም። የተሰበረ የጀበና ገል ተገልብጦ ቢቀመጥ ከሱቁ ላስቲክ ይሻላል፤ ሸክላ ሙቀት ይይዛል፣ እርጥበትም ይይዛል።

ስለ መለኪያውም አንድ ነገር ልበል። ሰዎች ቴርሞሜትሩን መስታወቱ ላይ ከፍ አድርገው ይለጥፉታል። እንስሳዋ ግን የምትኖረው ወለሉ ላይ ነው። መለኪያው የሚያነበው የሰማዩን ወሬ ነው፤ ሆዷ የሚነካውን ድንጋይ አያውቅም። ለጫጩትም እንዲሁ ነው፤ መለኪያው በጫጩት ጀርባ ልክ መሆን አለበት። ማሞቂያው በቴርሞስታት ካልተያዘ ደግሞ ለብቻው አይታመንም፤ በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ሆዳቸውን ጠብሶ የጣላቸው እንሽላሊቶች ብዙ ናቸው።

እንሽላሊት ሁሉ ቆላ ይወዳል ማለቴ አይደለም። በፓሲፊክ ውቅያኖስ ኒው ካሌዶኒያ በምትባል ደሴት ዓይኗ ላይ ሽፋሽፍት የመሰለ እሾህ ያላት ጌኮ አለች። ከምድር ጠፍታለች ተብሎ ከኖረ በኋላ በ1994 እ.ኤ.አ. እንደገና ተገኘች፤ ዛሬ በብዙ አገር ቤት ውስጥ ትራባለች። እሷ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ትፈልጋለች፤ የኛ የወይና ደጋ ቀን ለእሷ ድሎት ነው። የነብር ጌኮዋን ድንጋይ ለእሷ ብትሰጧት በሙቀት ትሞታለች። ስለዚህ ከሳጥኑ በፊት የሚጠየቀው «አገሯ የት ነው?» የሚለው ነው።

አሁን ጫጩት ወደምታሳድጉት እናቶች ልመለስ፤ ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት በዚህ ምክንያት እንደሆነ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አይጨነቅ፤ ጫጩቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። አምፖሉ ሥር ተደራርበው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ርቀው ጥጉ ላይ አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። አንድ ጎን ብቻ ላይ ከተሰበሰቡ ከሌላው ጎን ንፋስ እየገባ ነው። እየበሉ፣ እየጠጡ፣ እዚህም እዚያም ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። ይህ ግን የሚነበበው ሳጥኑ ሰፊና ማሞቂያው ዳር ላይ ከሆነ ብቻ ነው። በእኔ ጠባብ ካርቶን ውስጥ ጫጩቶቹ እየተናገሩ ነበር፤ መናገሪያ ቦታ ግን አልነበራቸውም።

መብራት ሲጠፋስ? የግብርና ባለሙያዎች ያስተማሩት የሣር ሳጥን አለ። ትንሿ የእንጨት ሳጥን በደረቅ ሣር ተከብባ የጫጩቶቹን የራሳቸውን የሰውነት ሙቀት ትይዝላቸዋለች፤ ውጪው ደግሞ መመገቢያ ሜዳ ነው። ገብተው ይሞቃሉ፣ ወጥተው ይበላሉ። እዚህም ሁለት አገር አለ ማለት ነው። ከሰል ግን በዝግ ቤት እንዳታደርጉ፤ ጭሱ ባይታይም ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። ሌላው መላ ከሐይቃችን የተማርነው ነው። ይህ ሐይቅ 88 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይሰጣል። ውኃ በክብደቱ ከድንጋይ አምስት እጥፍ ያህል ሙቀት ይሸከማል። ሙቅ ውኃ የሞላ የላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ዳር ማኖር ትንሽ ሐይቅ ማስገባት ነው። ልጁም በረዶ የመብራት መስመሩን የቆረጠ ዕለት ይህንኑ አደረገ።

እንግዲህ ወደ ጣቷ እንምጣ። ሙቀቱ ግማሽ ነገር ነው። ግማሹ እርጥበት ነው፤ እሱን ለማስረዳት ነው ጨው ያመጣሁት።

ነሐሴ ላይ ጓዳ ውስጥ ጨው እንደሚያለቅስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥር ላይ ግን ያው ጨው እንደ አሸዋ ደረቅ ነው። ጨው ውኃ ከአየር የሚስበው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲያልፍ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ መልሶ ይሰጣል። እንግዲህ እርጥብ ጨው በዝግ ዕቃ ውስጥ ከቆየ፣ አየሩን ከ75 ሳይለቅ ያቆመዋል። ትርፍ ሲሆን ይጠጣል፣ ሲጎድል ይሰጣል። ከአፋር በግመል ሲወጣ የኖረው ጨው ለወጥ ብቻ ሳይሆን መለኪያ ለመፈተንም ዳኛ ነው።

እስቲ አንቺ፣ ፊት ያለሽው ልጄ፣ ነዪ። ክዳኑን ሳትከፍቺ በመስታወቱ አንብቢልን። ስንት ይላል? 71። እውነቱ 75 ነው፤ ስለዚህ ይህች መለኪያ አራት ትሰርቃለች። አልጥላትም። ከጀርባዋ ፕላስተር ለጥፌ «አራት ጨምር» ብዬ እጽፍባታለሁ። የልጁን መለኪያ በዚሁ መንገድ ስንፈትነው ከእውነቱ 15 በላይ ታነብ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ 30 በመቶ አለ ብሎ ያመነው 15 ነበር ማለት ነው።

በመቶ የምንለው ግን ምኑን ነው? አየር እንደ እንስራ ነው፤ ሲሞቅ እንስራው ይሰፋል። በበጋ ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቶ ስታዩ አየሩ ጢም ብሎ ሞልቷል። 12 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 11 ግራም የውኃ ተን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉምና ጤዛ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ ወጥታ አየሩ 24 ዲግሪ ሲደርስ ያ አየር 22 ግራም ገደማ መያዝ ይችላል። ተኑ አልተለወጠም፤ እንስራው ግን እጥፍ ሆነ። ስለዚህ ጠዋት 100 በመቶ የነበረው እርጥበት እኩለ ቀን ላይ 50 ሆነ። ከንፈራችሁ የሚደርቀው ሐይቁ ጠፍቶ አይደለም።

ሚኒሶታን አስቡ። በብርዱ ወራት ውጪው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ነው። ያ አየር ከ2 ግራም ትንሽ የበለጠ ውኃ ብቻ ይይዛል። ቤት ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ይሆናል። በጌኮዋ አምፖል ሥር ሲገባ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። የነብር ጌኮ ደረቅ አገር ፍጥረት ናት ተብሎ ሰዎች በድርቀት ይፈርዱባታል። እሷ ግን በአገሯ ቀኑን የምታሳልፈው ከድንጋይ ሥር፣ እርጥበት ባልተለየው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ለሳጥኑ አየር 30 ወይም 40 በመቶ ይበቃታል፤ ለቆዳዋ ግን አንዲት እርጥብ ጓዳ ያስፈልጋታል።

ጌኮ በየጊዜው ቆዳዋን ትለውጣለች። ሊለወጥ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው መልኳ ይደበዝዛል፣ ነጣ ትላለች። ከዚያ አሮጌውን ቆዳ እንደ ጓንት ከራሷ ላይ ታወልቅና ትበላዋለች። አየሩ ደረቅ ከሆነ ግን ቆዳው ሳይወልቅ ይደርቅባታል፤ በተለይ ጣቶቿ ላይ። ከበሮ የሚወጥር ሰው ጠፍሩን ለምን አርጥቦ እንደሚያስር ጠይቁት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ማንም እጅ ከሚያጠብቀው በላይ ያጠብቃል። ብራና ፋቂዎቻችንም ቆዳውን በእርጥቡ መወጠሪያ ላይ የሚዘረጉት ለዚሁ ነው። ጌኮዋ ጣት ላይ የቀረው ቆዳ ጠፍር ሆነ። በየወሩ አንድ ቀለበት ሲደራረብ ደሙን አነቀው። ጣቱ የጠቆረው ለዚህ ነበር።

ያደረግነው ቀላል ነው። ሙቁና ቀዝቃዛው በሚገናኙበት መሐል ላይ አንድ ገል ደፍቶ፣ ከሥሩ የረጠበና የተጨመቀ ሶፍት አነጠፈ። የገሉ ውስጥ እርጥበት ወደ 80 በመቶ ሄደ፤ የሳጥኑ ቀሪ አየር ደረቅ እንደሆነ ቆየ። ሳጥኑን በሙሉ በውኃ መርጨት ስህተት ነበር፤ በዝግ ቦታ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ሻጋታና የሳንባ በሽታ ያመጣሉ። እግሯን ለብ ባለ ውኃ ጥልቀት በሌለው ሳሕን ውስጥ ሩብ ሰዓት አቆማት፣ ከዚያ በእርጥብ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በቀስታ አሸላት። በጉልበት አልሳበም። ለእንስሳት ሐኪምም አሳያት። የአንዱ ጣት ጫፍ ወደቀ። የቀሩት ዳኑ። ልጁ ስለዚያች ጫፍ አለቀሰ፤ አልከለከልኩትም።

ቀዝቃዛውን ጎን ማቀዝቀዝ ሲያስፈልግ ንቦችን መምሰል ነው። የአምባሰል ገደል ላይ በገመድ ተንጠልጥለው ማር የሚቆርጡ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው፤ በሐሩር ንቦች ውኃ ቀድተው ቀፎው ውስጥ ይረጩና በክንፋቸው ያራግቡታል። የእጮቹን ጎጆ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ላይ የሚያቆሙት በዚህ ነው። አምባሰል የሚለው ስም ራሱ አምባና ዐሰል፣ የማር አምባ ማለት ነው የሚሉ አሉ። እርጥብ ጨርቅ ሳጥኑ አናት ላይ ማልበስም የዚያው ዘዴ ልጅ ነው።

ተማሪዎች ይህን እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ። ሙቀት ከምቾት በላይ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ማድሌን ሻርኒዬ የምትባል ተመራማሪ፣ በሴኔጋል ዳካር፣ ካብ ላይ ከምታዩት ገበሎ ወገን የሆነ እንሽላሊት እንቁላሎችን ስታስፈለፍል አንድ እንግዳ ነገር አየች። ሴት ወይም ወንድ የሚሆኑት እንቁላሉ በቆየበት ሙቀት ነበር። ይህ ለሳይንስ አዲስ ነበር፤ የተገኘውም እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በየግቢው በሚታይ ፍጥረት ላይ ነው። ነብር ጌኮም እንዲሁ ናት። እንቁላሏ 26 ዲግሪ ላይ ከቆየ ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ሴት ይሆናል፤ 32 ተኩል ላይ አብዛኛው ወንድ፤ 34 ሲደርስ እንደገና ወደ ሴት ያዘነብላል። የስድስት ተኩል ዲግሪ ልዩነት፣ በአንድ የኅዳር ቀን ከጥላ ወደ ፀሐይ የምንሻገረው ያህል፣ የአንድ ፍጥረትን ዕጣ ይወስናል።

በአገራችን ይህ ነገር በተግባር የሚታይበት ቦታ አርባ ምንጭ ነው። እዚያ ባለው የአዞ እርባታ ከሐይቅ ዳር እየተሰበሰበ የሚመጣ እንቁላል ይፈለፈላል፣ ግልገሎቹም ያድጋሉ። የናይል አዞ እንቁላል 32 ዲግሪን አለፍ ሲል ወንድ ይበዛበታል፤ ከ31 በታች ሴት ነው። እናት አዞዋ ይህን ሁሉ የምታደርገው ጉድጓዱን በምትቆፍርበት ጥልቀትና በምትመርጠው ጥላ ነው። የእኛዋ ታቃፊ ዶሮም ከዚያ አታንስም፤ 21 ቀን ሙሉ እንቁላሉን 37 ተኩል ዲግሪ አካባቢ ይዛ፣ በምንቃሯ እያገላበጠች ትቆያለች። ደግማችሁ ስታዩዋት በእኔ ቦታ ሆናችሁ እዩልኝ።

ከዚህ ተነሥቶ ጌኮ ልያዝ የሚል ወጣት ካለ፣ እለምነዋለሁ፣ ከዱር አይያዝ። ወደ ባቲና ወደ ሚሌ ስትወርዱ ማታ በአምፖሉ ዙሪያ ግድግዳ ላይ ትንኝ የምትለቅም ጌኮ ታያላችሁ። መርዝ አላት እየተባልን ነው ያደግነው። መርዝ የላትም፤ መርዘኛ የሆነ ጌኮ በዓለም ላይ የለም። የምትበላው ትንኝና ዝንብ ነው፤ ለቤቱ ባለውለታ ናት። በምሥራቁ ቆላችን ደግሞ የነብር ጌኮ ዘመድ የሆኑ፣ የዓይን ቆብ ያላቸው ጌኮዎች ይኖራሉ። በውጭ አገር ለእነዚህ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለ፤ የምሰጋውም ለዚህ ነው። የዱር እንስሳት ሕጋችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝን ይከለክላል። ከሕጉም በላይ፣ ከዱር የተያዘች ጌኮ አገሯን በሙሉ ታውቀዋለች፤ ሳጥን አይበቃትም። የምትፈልጓት ከሆነ ግድግዳው ላይ ተዉአትና ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። በስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ በየትኛው ግድግዳ እንደምትሆን፣ ብርድ ሲሆን የት እንደምትገባ ጻፉ። ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ትማራላችሁ። የነካችሁ እንደሆነ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

የእህቴ ልጅ አሁን በየማታው ቁጥር ይልክልኛል። እናቱ የአማርኛ ፊደል እያስተማረችው ስለሆነ በፊደል ነው የሚጽፈው። ሙቁን ጫፍ ቆላ፣ ቀዝቃዛውን ደጋ ይለዋል፤ ሌላ ስም አያውቅላቸውም። ትናንት ማታ፣ እኔ ይህን ጠርሙስ ስዘጋ፣ እንዲህ ሲል ላከ፦ «ቆላ 33። ደጋ 25። ገል 80። ነጭ ሆናለች አጎቴ። ራሷ ገባች።»